አያ አበረ መርዶ ያደረሱባቸው ቤቶች

አያ አበረን በቅጡ አላውቃቸውም። ያየኋቸው ሦስት ጊዜ ነው፤ ቁጭ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ቢሆን ጠያቂዋ ሌላ ሰው ነበረች። ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን ከራሳቸው፣ ግማሹን ከደምበጫ ሰዎች ነው የሰማሁት። ቀርቦ የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። የጻፈ ስላላየሁ ሞከርኩት።

ገበሬ ናቸው። መሬታቸው ከደምበጫ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በወጣትነታቸው መንገድ የማያደክማት አንዲት ባዝራ ነበረቻቸው። ያኔ በገጠሩ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ሲሞት ሩቅ ላለው ዘመድ መርዶ ይዞ የሚሄድ መልእክተኛ ያስፈልግ ነበር። ፈረስ ያለው ሁሉ ለዚህ አይሆንም። መንገድ ላይ ለጠየቀው ሁሉ የሚያወራ፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አይላክም። አያ አበረ ከድሮም ቁጥብ ናቸው። አጎታቸው የሞቱ ጊዜ ተልከው በደንብ አድርሰው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እሳቸው ላይ ቀረ።

ሥራው የራሱ ወግ ነበረው። መልእክተኛው በቀጥታ ወደ ባለመርዶው ቤት አይሄድም። አመሻሽ ላይ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ለጎረቤቱ ይናገራል፣ እዚያው ያድራል። ባዝራዋ ከጓሮ ትታሰራለች። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቶች ይሰበሰቡና አብረው ይሄዳሉ። አያ አበረ ከመሄዳቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር ነበር፤ በቤቱ አራስ አለች ወይ፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ፣ ልቡን የሚያመው ሰው አለ ወይ። ካለ፣ ወሬው ለእሱ መጨረሻ ላይ፣ በቅርብ ሰው አፍ ይነገረዋል። ከዓመታት በኋላ አገሩ ባዝራዋን ለየና ገና ከሩቅ ሲያያት «ማን ሞተ?» ይል ጀመር። ስለዚህ ነጋዴ እንዲመስሉ ስልቻ ጭነው መሄድ ጀመሩ። «ወዴት ነው አያ አበረ?» ሲሏቸው «ጨው ልሸጥ» ይላሉ። ጨው ሸጠው አያውቁም።

አንድ ጊዜ ተሳስተዋል። ባንድ አጥቢያ ጫኔ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሞተና «ለእህቱ ንገር» ብለው ላኳቸው። እሳቸው የሁለተኛው ጫኔ እህት ዘንድ ሄዱ። ሴትዮዋ ደረቷን እየደቃች፣ አገር አስከትላ በማግስቱ ለቅሶው ቤት ደረሰች። ወንድሟ ዳሱ ውስጥ ለለቅሶኛ ንፍሮ ሲያድል አገኘችው። መጀመሪያ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ ነው ያቀፈችው። ጫኔ እስከ ዛሬ አለ። ገበያ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «አበረ፣ ዛሬስ ማንን ገደልክ?» ይላቸዋል።

ከዚያ ስሕተት በኋላ አያ አበረ የሟቹ አባትና አያት ሳይጠሩላቸው፣ የእናቱም ወገን ሳይቆጠርላቸው ከሟች ቤት አይወጡም ነበር። የቤቱ ሽማግሌዎች ከእሳቸው ጋር ቁጭ ይሉና ለማን ለማን እንደሚነገር፣ ማን በምን እንደሚዛመድ አንድ በአንድ ይነግሯቸዋል። እሳቸውም ይዘውት ይሄዳሉ። መርዶ የሚላክለት የሥጋ ዘመድ ነው፤ ጎረቤትና ወዳጅ በጆሮው ሰምቶ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ማዶ ማን ከማን እንደሚወለድ አወቁ። የተማሩት ከለቅሶ ቤት ነው።

ከዚያ ሞባይል መጣ። አሁን ሰው ሳይቀዘቅዝ ወሬው አዲስ አበባ ይደርሳል። ባዝራዋም ሞተች። አያ አበረ በገበያ ቀን ቃጫ እየገመዱ ገመድ መሸጥ ጀመሩ። ሰው ግን እሳቸው ዘንድ መምጣቱን አልተወም፤ የሚመጣው ለጋብቻ ነው። በእኛ አገር እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ያላቸው አይጋቡም። ልጅ ሊድር ያሰበ፣ ሽማግሌው ሞቶበት ዘሩን የሚቆጥርለት ያጣ ሰው፣ ገመድ ሊገዛ የመጣ መስሎ አጠገባቸው ይቀመጣል።

እኔ እሳቸው ዘንድ የሄድኩት በሥራነሽ ምክንያት ነው። ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ላይ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እኔ የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ብዙ ሰው እኔ ዘንድ ያስጽፋል። በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መጣችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አንተ የሞተ ሰው ታሪክ ትጽፍ የለ? እስቲ የኔን አባት ፈልግልኝ።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«እሱን አይደል እንዴ የምፈልገው» አለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሥራነሽ ያደገችው አምበር አጠገብ፣ ከእናቷ ከማሬና ከአያቷ ጋር ነው። የምትጠራው በአያቷ ስም ነው። አባቷ ማን እንደሆነ እናቷ ነግራት አታውቅም። ልጅ ሳለች፣ በሰባ አምስት ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አንድ ማለዳ ጎረቤቶች አንድ የማታውቀውን ሰውዬ ይዘው መጡ። እሷን እንስራ አሸክመው ወንዝ ላኳት። ስትመለስ እናቷ ጥቁር ለብሳለች። «ማን ሞተ?» ብትላት «ዘመድ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ማሬ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን መሶብ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር፤ ለቄሱ የምትሰጠው ስም «ኪዳነ ማርያም» የሚል ነው። ሥራነሽ ሰምታዋለች፤ ያን ቀን የሞተው አባቷ እንደሆነም ጠርጥራለች። እንግዲህ የአባቷን የክርስትና ስም ታውቃለች፤ ሰው የሚጠራበትን ስም አታውቅም። ማሬም ሳትነግራት አረፈች።

ይህ ነገር አሁን የመጣው ልጇ ሊያገባ ስለሆነ ነው። የወደዳት ልጅ ዜማ ትባላለች፤ የደምበጫው የአለቃ አካለ ወልድ የልጅ ልጅ ናት። የልጅቱ ሽማግሌዎች ሁሉንም ቆጥረው «የልጁ እናት የአባቷ ወገን ቀርቷል፣ እሱን ይዛችሁ ኑ» ብለው ቆመዋል። መርዶ ነጋሪው የመጣው ደግሞ ከደምበጫ በኩል እንደነበር ሥራነሽ ከጎረቤት ሰምታለች። የፈራችው አባቷ የአለቃ ዘመድ እንዳይሆን ነው።

እኔ ዘንድ የሚገኘው የቅርብ ዓመታት ጽሑፍ ነው፤ ያም ቢሆን ቤተሰብ ያልነገረኝን ልጅ አልጽፍም። ሥራነሽ እናቷ መሶብ ትወስድላቸው የነበሩትን ቄስ ፍቅረ ሥላሴንም ጠይቃ ነበር። «ልጄ፣ እኛ ሙት የምንጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ እኔ በየወሩ አንድ ኪዳነ ማርያም እፈታለሁ» አሏት። መጨረሻ ላይ የረዷት እማማ ወለተ ኪዳን የሚባሉ የእናቷ ጎረቤት ናቸው። «ያ እኮ የደምበጫው አበረ ነው፤ ባዝራው እኔ ጓሮ ነው ያደረችው» አሉ።

በገበያው ቀን በሚኒባስ ደምበጫ ሄድን። ብቻዬን አልሄድም ስላለች ነው የተከተልኳት እንጂ የምረዳት ነገር አልነበረም። አያ አበረ ገበያው ዳር፣ ፈረሶቹ ከሚታሰሩበት አለፍ ብሎ፣ የገመድ ክምር አጠገብ ተቀምጠው ይገምዳሉ። ጫኔ ከጎናቸው ነበር።

«ገመድ ነው የፈለጋችሁ?» አሉን።

«የለም፣ እርስዎን ፈልገን ነው» አለች ሥራነሽ።

«ተጠንቀቂ ልጄ» አለ ጫኔ፤ «ይኼ ሰው አንዴ ገድሎኛል።»

«አንተ ነህ ቶሎ የተነሣኸው» አሉት አያ አበረ ቀና ሳይሉ። ወደ እሷ ዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የማሬ። የአምበሯ ማሬ።»

እጃቸው ቆመ። ጫኔ አያቸውና «እኔ እንኳ ጨው ልገዛ ነበር የወጣሁት» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

«ማሬ ደኅና ናት?»

«አርፋለች። ሰባት ዓመቷ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ። «እኔ አልሰማሁም። የነገረኝ የለም።» ፊቷን አየት አድርገው «እንስራ ይዘሽ ስትወርጂ አይቼሻለሁ» አሏት።

ሥራነሽ ወሬ አታስረዝምም። «ያን ቀን የነገሯት የአባቴን ሞት ነው?» አለቻቸው።

«ነው።»

«ማን ይባላል?»

«ቆይ» አሉ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝም ብለሽ ዛሬ ምን አመጣሽ?»

የልጇን ነገር ነገረቻቸው። የአለቃ አካለ ወልድን ስም ስትጠራ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ያደረጉትን ልክ እንዳየሁት ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ሁሉንም ስም ግን መያዝ አልቻልኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው መንገድ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። አለቃ ሲሞቱ መርዶውን ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወደ አለቃ እህት ነው፤ ከእሷ ወደ ሁለቱ የአጎት ልጆች፤ ቀጥሎ በእናታቸው ወገን ወደ ደብረ ማርቆስ። የአለቃ ሚስት ስትሞት ደግሞ በሌላ በኩል፣ ወንዙን ተሻግረው። የአለቃ ወንድም በክረምት ነው የሞተው፤ ባዝራዋ ጭቃ ይዟት ሁለት ቀን ዘግይተው ደረሱ። እንዲህ እያሉ የዚያን ቤት ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ አነሡ። ሥራነሽ ከአፋቸው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«በነዚህ ሁሉ አንድም ቀን አባትሽ ቤት አልሄድኩም» አሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ። «እሱ ሲሞትም አለቃ ቤት መርዶ አልወሰድኩም። አለቃ ለቀብሩ መጡ፤ በማግስቱ እርሻቸው ላይ ነበሩ። ዘመድ ቢሆኑ ሠልስት ሳይወጣ በሬ ይጠምዳሉ? እናቱም አባቱም ከሌላ በኩል ናቸው። አይዛመዱም። ይጋቡ።»

«ሽማግሌዎቹ እሺ ይላሉ?»

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ካሁን በፊትም ነግሬያቸው አውቃለሁ፣ ቃሌን ይቀበላሉ። ስም አይጠይቁኝም።»

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሰርጉ እንቅፋት ተነሣ ማለት ነው። እኔ ልንነሣ ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። ሥራነሽ አልተነሣችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጄ ያግባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እኔስ?»

«አንቺስ ምን?»

«ስሙን ይንገሩኝ። ለተዝካር እንኳ እናቴ የምትጠራውን ነው የምጠራው። ልጄ የአባትሽ ስም ማን ነው ብሎ ጠይቆኝ ሌላ ወሬ አመጣሁበት።»

አያ አበረ ገመዱን አነሡ፤ አልገመዱም፣ ጫፉን ብቻ ይነካኩ ጀመር። «ያ ሰው ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ጠራኝ» አሉ። «ስሞት ለሌላው ሁሉ ቤተሰቡ ይልክሃል፣ ለማሬ ግን የምልክህ እኔ ነኝ፤ ለሷ ብቻ፣ አለኝ። ቤቱ አያውቅም። ሚስቱ አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በዚህ ነው የምታልፈው፣ ቆማ ደኅንነቴን ትጠይቀኛለች። ልጆቹም አሉ። የተላክሁት ለማሬ ነው፣ ለማሬ ነገርኩ። ማሬ ደግሞ ለአንቺ አልነገረችም።»

«አልሄድባቸውም። ከእነሱ የምፈልገው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያም የለው።»

አጠገባችን አንድ ሰው ገመድ በክንዱ እየለካ ዋጋ ጠየቀ። አያ አበረ መለሱለት፣ ሰውዬው ውድ ነው ብሎ ሄደ። ሥራነሽ ስሙን ደግማ አልጠየቀችም። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ለማሬ ንገርልኝ ሲልዎት፣ ስለ እኔ ያነሣው ነገር ነበር?» አለች።

አያ አበረ ገመዱን እንደገና መግመድ ጀመሩ።

«ይኼን አልመልስልሽም ልጄ» አሉ።