ወናፍ የሌለው እሳት

ባለፈው ሰሞን ቡታጅራ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ልጆች ቢላዋ በሚሠሩበት ደጃፍ ሳልፍ፣ እርጥብ ጭቃ በጋዝ እሳት ሲደርቅ የሚሰጠው ያ ግማሹ ዝናብ፣ ግማሹ የተበላሸ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ። ምድጃውን ከስልክ አይተው ነው የሠሩት አሉ። እሳቱ ግን አንዴ ቱፍ እያለ፣ አንዴ ቢጫ ምላሱን እያወጣ አስቸግሯቸዋል። አንደኛው፣ "አባባ፣ ይፈነዳል ብለው ፈሩ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። አልፈራሁም። እኔ ከዚያ ሽታ ጋር ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው፤ ጢሜ ገና ማቀምቀም ሲጀምር። ከፊደል አልፌ ብዙ አልተማርኩም፤ እንደ አገሬ ልጅ ሁሉ በልጅነቴ አዲስ አበባ ሄጄ ጫማ ጠረግኩ፣ ኋላም አንድ ጋራዥ ገብቼ የመኪና ባሌስትራ በጋዝ እሳት እያጋሉ ሲያቀኑ አየሁ፣ እኔም ለመድኩ። እጄ የሚያውቀው ሥራ ብረት ብቻ ሆነ።

ወደ ቡታጅራ የመለሰችኝ አስካለ ናት። የጎረቤታችን የእህል ነጋዴው የጋሽ ሳህሌ ልጅ ናት። በርበሬ በሚሰጣበት ወራት ግቢው ሁሉ ቀይ ምንጣፍ ሲመስል፣ እያገላበጠች ታስነጥሳለች፣ ባስነጠሰች ቁጥር ትስቃለች፤ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ "ይማርሽ!" ስትል በአጥር ላይ "ያኑርዎ!" ትላለች፣ ወዲያው ሌላ ማስነጠስ። ዛሬም በርበሬ ሲሰጣ ጆሮዬ ይቆማል።

ታዲያ በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው አይባልም ነበር። ማረሻውን ይሠራልናል፣ መጥረቢያውን ይስልልናል፣ ልጁን ግን ለልጃችን አናጭም፤ ቡዳ ነው ይሉታል። የሰፈራችን ቀጥቃጭ ጋሽ ሽኩር፣ ወናፉን እየነፋ ከገበያው ዳር ብቻውን ይኖር ነበር። የወናፉ ትንፋሽ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ።

እኔም እዚያው ብረት እየሠራሁ ልኖር አስቤ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ሳህሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ "ልጁ ደግ ነው፣ እናቱንም አከብራለሁ። ወናፍ የሚነፋ ሰው ግን አማቼ አይሆንም" አለ። እኔ ደግሞ ያን ቃል ይዤ ብዙ አሰብኩ። ቀጥቃጭ የሚያሰኘው ወናፉ ከሆነ፣ ያለ ወናፍ የሚነድ እሳት ብሠራስ? ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ይዘው ተመለሱ። ጋሽ ሳህሌ ጢሙን እየዳበሰ "እንዲህ ያለ እሳት ካለ፣ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" አለ።

ከአዲስ አበባ አንድ ሲሊንደር ቡታጋዝ በነጠላ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። ረዳቱ ገልጦ አየና ጮኸ፦ "ሰማችሁ? ይሄ ነገር መፈንዳቱ ካልቀረ ቡኢ ላይ ይፈንዳ፤ አማቶቼ እዚያ ናቸው!" አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን የብረት ገምቦ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ እስክንደርስ ድረስ በየጉድጓዱ ስንዘል አቅፌው ሄድኩ።

ምድጃውን ከአሮጌ የዘይት በርሚል ቆርጬ፣ ውስጡን ጭቃ፣ አመድና ጭድ አቡክቼ ለሰንኩት። ጋዙ የሚመጣበትን ቱቦ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሠራሁ፤ ጫፉ ላይ ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ በነሐስ ላይ በመርፌ ወጋሁ። ጋራዡ ውስጥ ያየሁት ቱቦ ከኋላው ክፍት ቦታ እንደነበረው አስታውሼ እኔም ተውኩለት። ግን አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሰው ካየ፣ "ይኸው ወናፉ!" ይለኛል ብዬ በጭቃ ደፈንኩት። ይኼ እንግዲህ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ሌላ አገር እሳትን ትንፋሹን የሚከለክል ማን አለ?

እናቴ ወሬውን ለሰፈሩ አዳርሳለች። "የኔ ልጅ ወናፍ አይነፋም፤ እሳቱ ራሱን ያነዳል" እያለች ገበያ ላይ ትኮራለች። እሳቱ ግን ራሱን ማንደድ እምቢ አለ። ቢጫ ሆኖ ያዛጋል፣ ከምድጃው አፍ ወጥቶ ቅንድቤን ይልሳል፣ ብረቱን ጥላሸት ያለብሰዋል እንጂ አያግለውም። ጋዙን ስጨምር ነበልባሉ ይረዝማል እንጂ አይበረታም፣ ስቀንስ ወደ ጭስ ይቀየራል። የነሐሷን ቀዳዳ አጠበብኩ፣ አሰፋሁ፣ ቱቦውን አዘነበልኩ። ጋዙ እያለቀ ነው፣ ጋሽ ሳህሌም የሚመጣበት ቀን ቀርቧል፣ ቤታችን በጥላሸት ጠቁሯል፣ እናቴም ገበያ መሄድ ቀንሳለች።

አንድ ጠዋት ከሙቀቱ የተነሳ ያ የደፈንኩት ጭቃ ሰነጠቀና ዱብ አለ። በዚያው ቅጽበት እሳቱ ትንፋሹን ሳበ። ቢጫው ጠፋ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ምድጃው እንደ ክረምት ወንዝ ጮኸ፣ የጭቃው ግድግዳ ቀስ በቀስ ደም መሰለ። እኔም ደነገጥኩ፣ እናቴም ማርያምን እየጠራች ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሥራው ልክ መፈለግ ብቻ ነበር። በቀዳዳው ላይ የቆርቆሮ ቀለበት አጥልቄ ስገፋው ይጠባል፣ ስስበው ይሰፋል። ጋዙ ሲያንስ እሳቱ ወደ ቱቦው ተመልሶ ቱፍ ይላል፤ ሲበዛ ከአፉ ዘሎ ይጠፋል። የቱቦውን ጫፍ እንደ መለከት ሰፋ ሳደርገው መዝለሉን ተወ።

ድምፁን ሰምቶ ጋሽ ሽኩር መጣ፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ አዳመጠና ሳቀ። "ወላሂ፣ አንተ ልጅ፣ ወናፉን ዋጥከው እንጂ መቼ ተውከው!" አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ።

ጋሽ ሳህሌ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ የደነዘ ማረሻ ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። በአጥሩ ወዲያ በርበሬ የምታገላብጠው ልጅ ማስነጠሷ እንኳ ቆሟል። ለኮስኩ፣ ቀለበቱን አስተካከልኩ፣ እሳቱ ጮኸ። ማረሻው የብርቱካን ልጣጭ መሰለ፤ አውጥቼ ቀጠቀጥኩ፣ ጫፉን አሾልኩ፣ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጋሽ ሳህሌ ግን ማረሻውን አልነበረም የሚያየው። ጆሮውን አዘንብሎ ነበር።

"ይሄ የሚተነፍሰው ምንድን ነው?"

"እሳቱ ነው፣ ጋሼ። አየር በራሱ ይስባል፤ ማንም አይነፋውም።"

"ይስባል?"

"አዎ፣ በዚህች ቀዳዳ።"

ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን አየ። ደግሞ አዳመጠ። "ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል" አለ፤ ድምፁም የምር ነበር። ማረሻውን በሁለት እጄ አክብሬ ዘረጋሁለት። እጁን ከጋቢው አላወጣም። "እዚያ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ልጄ" አለኝ።

በእኛ ሰፈር ከቀጥቃጭ እጅ ብረት አይቀበሉም ነበር። መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ዘወር ሲል ያነሱታል። እኔም አስቀመጥኩና ዘወር አልኩ።

አስካለ ከዚያ በኋላ ለአንድ የእንሴኖ ነጋዴ ተዳረች። ጋዙ አለቀ፣ እኔም ባዶውን ሲሊንደር ይዤ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ። ኋላ ትዳር ያዝኩ፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ጋሽ ሽኩርም አለፈ፣ ቤቱ የነበረበት ዛሬ የጫማ ሱቅ ነው። አሁን ሰው ቢላዋውን ከሠሪው እጅ ይቀበላል፣ አመሰግናለሁ ይላል፤ የማን ልጅ ነህ የሚል የለም። ደግ ሆነ። ለእኔ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

አንዳንዴ ሳስበው፣ ያን ቀን ቀዳዳዋን በጭቃ ደፍኛት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እሳቱ ጸጥ ብሎ ቢጫውን ያዛጋ፣ ማረሻውም ጠቁሮ ይቀር ነበር። ጋሽ ሳህሌ ይስቅብኝ ነበር፣ "ይሄ እንኳን ቀጥቃጭ ሊሆን፣ እሳት ማንደድም አያውቅ" ይልና፣ ብረት ማጋል ላልቻለው ሰው ልጁን ይድር ነበር። እኔ ግን እሳቱ ስለተስተካከለልኝ፣ ያን ጠዋት ከደስታዬ ብዛት ቁርስ እንኳ አልበላሁም።