«ግቡ» የሚለን ሰው ፍለጋ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ለንደን የገባነው። ገና ሄልሜቴን ሳላወልቅ ስልኬ «ፎቶ የታለ?» በሚል መልእክት ተጥለቀለቀ። ፎቶው ይደርሳል... ሐይቅና ተራራ ነው፣ የትም አይሄድም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጉዞ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ለማታውቁን፣ እኔ ሂትሮው የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ ነው የምሠራው። ሰው ሲበር እያየሁ እውላለሁ። ባለቤቴ መላኩ ደግሞ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። «አውሮፓን በሞተር እንዙር፣ ድንኳን ይዘን» ያለው እሱ ነው። እኔ ሆቴል ነበር ያማረኝ። የሰው ልጅ ስንት ዘመን ለፍቶ ግድግዳ ካቆመ በኋላ ለምን ወደ ሸራ እንመለሳለን ብዬ ተከራክሬ ነበር... ተሸነፍኩ።

መላኩ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የወጣ ሰው ነው። በረሃ፣ ባሕር፣ ከዚያ ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ስደተኛው የሚሰፍርባት ካሌ፣ ከዚያ ለንደን። ስለ ካሌ ሲጠየቅ «ካምፒንግ እኮ የጀመርኩት ያኔ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

እናላችሁ የመጀመሪያውን ማደሪያ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ከመርከብ ወርደን ብዙ እንዳንደክም ብዬ እዚያው ካሌ አጠገብ አንድ ካምፕሳይት፣ ድንኳን ተክሎ የሚታደርበት ቦታ፣ ቡክ አደረግሁ። ሻወሩን ሳይቀር ቼክ አድርጌ።

መላኩ አለፈው።

ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። «መሌ! አልፈነዋል እኮ!» ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ።

ቆመን ስጠይቀው «አጥሩ አላማረኝም» አለኝ። ሌላ ፈልገን ሄድን። «ይሄ ደግሞ መንገድ ዳር ነው፣ ያላፊ አግዳሚው ዓይን አያስተኛም» አለ። ሦስተኛው ሞልቷል ተባልን። ወገቤ ተንገጫግጮ አልቋል...

«አንተ ሰውዬ፣ ድንኳን ልንተክል ነው ወይስ ቤት ልንገዛ?» አልኩት።

አልሳቀም። መላኩ በቀልድ ካልሳቀ ነገር አለ ማለት ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንዲት ትንሽ መንደር ዳር ሌላ ካምፕሳይት አገኘን። የፖም ዛፎች፣ ለስላሳ ሣር፣ እዚህም እዚያም ድንኳን። አጥር የለው፣ ጩኸት የለው። በሩ ክፍት ነው፣ ቢሮው ግን ተዘግቷል። መስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛም ጭምር ተጽፎ ተለጥፏል። ግቡ፣ ደስ ያላችሁ ቦታ ላይ ትከሉ፣ ነገ ጠዋት እንገናኛለን ይላል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

መላኩ ከሞተሩ አልወረደም።

«ባለቤቱ ሳይኖር እንዴት እንገባለን?»

«ግቡ ይላል እኮ! ይኸው፣ አንብበው።»

«ወረቀት ነው የሚለው። ሰው ይበለኝ።»

ልቆጣው ብዬ እጁን አየሁት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ እሱ ግን መሪውን ጨምድዶ እንደያዘ ነው።

«ምን ሆነሃል መሌ?»

«ከተኛን በኋላ መጥተው... ተነሱ ቢሉንስ?»

ያኔ ነው የገባኝ። የአጥርም የመንገድም ጉዳይ አልነበረም።

መላኩ ያደገው ጎጃም ገጠር ነው። እዚያ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው አጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ ከውስጥ «ግቡ» ሳይባል አያልፍም። ከሞተሩ ወረደ። በሩ ጋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገና...

«ቤቶች!» አለ። «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን!»

በአማርኛ። ፈረንሳይ አገር።

የምገባበት ጠፋኝ። ድንኳኑ ሁሉ አንገቱን አወጣ። ከአንዱ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ቁምጣ የለበሱ ሽማግሌ ሳህን እየወለወሉ ብቅ አሉና ወደ እኛ መጡ። መላኩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፓስፖርቱን አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«መሌ፣ ባለቤቱ አይደሉም! እንደኛው ሊያድሩ የመጡ ናቸው!» ብዬ አንሾካሾክሁ። አልሰማኝም።

ሽማግሌው ፓስፖርቱን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ሳህኑን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡና እጃቸውን በጨርቁ አደራርቀው ተቀበሉት። ገልጠው ፎቶውን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘግተው መለሱለትና ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ዘረጉ። በፈረንሳይኛ የሆነ ነገርም አሉ። ፈረንሳይኛ አላውቅም... ክንዱ ግን አስተርጓሚ አልፈለገም።

መላኩ ገባ። ሽማግሌው ካስማውን እንኳ አብረውን መቱ።

ድንኳናችን ውስጥ ጋደም እንዳልን «ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ስንት ጊዜ ሸራ ሥር ተኝቻለሁ» አለኝ። «‹ተነስ› እንጂ ‹ግባ› ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ይህን ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ቀልዱን ሲናገር ከሰው ጋር አብሬ የሳቅሁባቸው ጊዜያት ሁሉ መጡብኝ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እና ትናንት... ካሌዶኒያን ሮድ፣ ቤታችን በር ላይ ደረስን። ሻንጣው ከብዶኛል፣ እግሬ ደንዝዟል። መላኩ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ዓይኑ ይስቃል።

ከፍቼ ገባሁ። ዞር ስል ደፍ ላይ ቆሟል፣ የእግር መጥረጊያውን ቁልቁል እያየ። «ዌልካም» የሚል ተጽፎበታል።

«ምንጣፍ ነው የሚለው» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።