ነፋስ ነው፣ ይደገም

የካዛንቺስ ባድሚንተን ክለባችን ሲጀመር የነበረው ንብረት ሦስት ነው፦ ጎረቤቴ ለልጆቿ ልደት ገዝታ ልጆቹ ዞር ብለው ያላዩዋቸው ራኬቶች፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ እና ከእድራችን የተዋስናቸው ሁለት የድንኳን ብረቶች። ገመዱ ላይ አሮጌ መጋረጃ ሰቀልንና መረብ አልነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ብረቶቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ እኛም ጨዋታውን ትተን ድንኳን እንተክላለን። በዚያ ሰሞን የሰፈሩን ሰው ጤና እንደኛ አጥብቆ የሚከታተል አልነበረም።

ችግራችን ነፋስ ነበር። የምንጫወተው በቀበሌ ቤቶቹ መሃል ባለች ክፍት ቦታ ስለሆነ፣ ላባ ያላት ኳሳችን ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች፤ ሲላት ጣሪያ ላይ ወጥታ ትቀራለች። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ኳሷን ነፋስ ከወሰዳት ነጥቡ ይደገማል። ነፋስ መሆኑን ማን ይፍረድ? ይህ አላከራከረንም። በዕድሜ የሚበልጠን ይፍረድ ተባለና አጨበጨብን። የሚበልጡን ደግሞ ሐጂ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሰፈር ልብስ የሰፉ ሰው። ሐጂ ራሳቸውም ተጫዋች መሆናቸው ትዝ ያለን ካጨበጨብን በኋላ ነው። ለሽማግሌ የሰጡት ክብር ደግሞ ተመልሶ አይወሰድም።

ከዚያ ወዲያ ሐጂ አልተሸነፉም። ኳሷ እግራቸው ሥር ዱብ ስትል ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና፣ "ነፋስ ነው፣ ይደገም" ይላሉ።

"ሐጂ፣ የተሰጣው ካልሲ እንኳ አልተነቃነቀም እኮ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አብሽሪ ልጄ፣ ከላይ ከላይ ነው የሚነፍሰው" አሉኝ።

እኔ መሸነፍ አልወድም። በልጅነቴ በገበጣ የረታኝን የአክስቴን ልጅ እስካሁን ደህና አድርጌ ሰላም አልለውም። ሐጂን አንዴ፣ አንዲት ቀን ብቻ ማሸነፍ የሕይወቴ ዓላማ ሆነ። ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እጄ ሳላዝዘው ኳስ ይመታል። ለሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርኩ።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት ተነሳ። አንዳችን ገላን፣ አንዳችን ጎሮ ወደቅን፤ ሐጂም ልጃቸው ቤት ገቡ። ብረቶቹን ለእድሩ መልሰን ተላቅሰን ተለያየን። ከወራት በኋላ ግን ተደዋወልንና በወር አንድ ቀን ስታዲየም አካባቢ አዳራሽ ተከራየን። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቶቹን ነው። ሁሉም ዝግ ናቸው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሐጂ ከስተው መጡ። በአዲሱ ሰፈራቸው ገና ሰላም የሚሉት ጎረቤት እንዳላገኙ፣ የስፌት መኪናቸውም ሳጥን ውስጥ እንደታሰረ ነገሩኝ። በግማሽ ጆሮዬ ሰምቼ ራኬቴን አነሳሁ። ሃያ ለአሥራ አምስት መራሁ። የቀረችኝ አንድ ነጥብ ናት። ኳሷን መረቡን አስታክኬ አሳለፍኳትና እግራቸው ሥር ወደቀች። እስኪናገሩ ጠበቅኩ። መልሴን ለዓመታት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ።

ሐጂ ወደ ላይ አላዩም። ጎንበስ ብለው ኳሷን አነሱና፣ "ያንቺ ነው ልጄ፤ ሸጋ አድርገሽ ረትተሽኛል" አሉ።

እንደዚህ ያለ ሐጂ አላውቅም። ቤቴ ሲፈርስ ቆሜ ያየሁ ሰው፣ እዚህ አዳራሽ መሃል እንባዬ መጣ።

"ኧረ ሐጂ፣ ነፋስ ነው፣ ይደገም" አልኩ።

የተዘጋውን መስኮት አዩ፤ እኔን አዩ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

ደገምነው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስድስት ጊዜ ነፈሰ። ሃያ ሁለት ለሃያ ረቱኝ። ታክሲ ሳልይዝ እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ እየተናደድኩ ሄድኩ።

በወሩ አዳራሹ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ መስኮቶቹን ልከፍት።