አይከፈልም የተባለው ክኒን

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ እዚያው ሱቅ ካውያ ነው የምይዘው። እትዬ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። እግሯ ከስፌት ማሽኑ ፔዳል ሲያርፍ እንኳን ጣቷ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

ግፊት አለብሽ ተብላ ክኒን ከታዘዘላት ወዲህማ ባሰባት። ክኒኑን ከዋጠች በኋላ ሱቁ ይዞርባታል። ማሽኑ ላይ እያለች ዓይኗ ጭልም ይልባታል። ጣቷን እንዳትሰፋው ብዬ እሷን እሷን ሳይ፣ ካውያዬ ስር የሰው ሸሚዝ አረረ።

«ምን እያረገኝ ነው ይሄ ነገር?» እያለች ያልጠየቀችው ሰው የለም። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው እሱም ግፊት አለበት። «የኔ ነጭ ነው፣ ያንቺ ቀይ። ቀይ ኃይለኛ ነው» አላት። ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ልጅ ደግሞ ከስልኳ አነበበችላት፤ ማዞር፣ ሳል፣ የእግር እብጠት። እትዬ ወዲያው ሳለች።

«ይኸው!»

«እትዬ፣ ቅድም እኮ አይስሉም ነበር!»

«አሁን ጀመረኛ!»

የክኒኑ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት ለኔ ሰጠችኝ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ቋንቋውም የኛ አይደለም። አገላብጬ መለስኩላት።

«ምን ይላል?»

«ረጅም ነው» አልኳት።

በመጨረሻ «በቃ፣ እተወዋለሁ» አለች። ደነገጥኩ። የግፊት ክኒን እንዲያው ሲተዉት ይጥላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እጇን ይዤ ክኒኑን የሰጣት መድኃኒት ቤት ወሰድኳት። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ላብ በላብ ሆኜ «እህቴን ያዞራታል» አልኩ።

«እንዴት ነው የሚወስዱት?» አላት ባለሙያው።

«ትልቅ ስለሆነ አይወርድልኝም። በመቀስ ለሁለት እቆርጥና አከታትዬ እውጠዋለሁ።»

«እንዴ! አይከፈልም ብዬዎት አልነበር?»

«እኔስ መች ከፈልኩ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬህ ሄድኩ እንጂ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ባለሙያው አልሳቀም።

«አይቆረጥም ማለቴ ነበር እናቴ። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ሲቆርጡት ሁሉም ባንዴ ይለቀቅብዎታል።»

ግፊቷን ለካ፤ ወርዷል። ሌላ ሳትውጥ አሁኑኑ ሐኪም ይያት ብሎ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ላከን።

ሐኪሙ በቀላሉ የሚዋጥ ሌላ ክኒን ጻፈላት። እትዬ ግን ከወንበሩ አልነሳ አለች። መቼ ልዋጥ? ብረሳውስ? ካዞረኝስ? ወረፋ የሚጠብቁት በሩን አንኳኩ።

«ይጠብቁ!» አለች ወደ በሩ ዞራ። «እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህ በጣቴ ነው፤ ካዞረኝ ማሽኑ ይሰፋዋል።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረላት።