ሪጎሬ የሳተው ሐኪም

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ስቶክሆልም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ዶክተር ብሪታ ስትገባ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ወንበሩ ተሰብሯል እንዴ?» አለችኝ። ተመልሳ ስትገባም ብድግ አልኩ። እግሬ ገና ስዊድን አልደረሰም ነበር።

ይኸው እግር ድሮም ጉድ ሠርቶኛል። ተማሪ ሳለሁ የኮሌጃችን የመጀመሪያው እግር ኳስ ቡድን ግራ ክንፍ ነበርኩ። በዋንጫ ጨዋታ ሪጎሬ እንድመታ ተሰጠኝና ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደድኳት። አገር ስለቅ እዚያው የቀረች መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቶ መኩሪያ የሚባሉ የሃግሴትራ ነዋሪ፣ ሸምገል ያሉ ሰው መጡ። ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በር ላይ በረዶ አንሸራትቷቸው ትከሻቸው ወልቋል። ራጁ ስብራት አላሳየም። ማስታገሻ ብንወጋቸውም ጡንቻቸው ጠጥሮ ክንዳቸውን አላስነካ አሉ። ብሪታ ወደ ጎን ጠራችኝና፣ «ትከሻቸው አልገባ ካለ ሙሉ ማደንዘዣ ልንሰጣቸው ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ያሰጋኛል» አለችኝ። እኔም ፈራሁ።

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ።

«ዶክተር፣ ያገሬ ልጅ ነዎት መሰለኝ... ቆይ፣ ቆይ! አንተ ያ ሪጎሬ የሳትከው ግራኝ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ያን የሚያህል ጎል ስተህ የኔን ትከሻ ልትመልስ? ወጌሻ ጥሩልኝ!»

አፈርኩ። ሲናደዱ ግን ክንዳቸውን ረስተውት ነበር። ከክርናቸው አጥፌ ያዝኩት።

«የት ሆነው ነበር ያዩት፣ ጋሼ?»

«ከጎሉ ኋላ! ባናቴ ላይ ነው ያለፈችው!»

«ያን ያህል ከፍ ብላ ነበር?»

«ከፍ ብላ? አሞራ በርግጓል እንጂ!»

ቀስ እያልኩ ክንዳቸውን ወደ ውጭ አዞርኩ።

«ደግሞ እኮ ጎንበስ ብለህ ጫማህን አየህ፣ ጥፋቱ የጫማው ይመስል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ያኔ ትከሻቸው ቋ ብሎ ገባ።

ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምን ብለሃቸው ነው?» አለች ብሪታ።

«እሳቸው ናቸው ያሉኝ» አልኳት።

አቶ መኩሪያ ሲወጡ በደህናው እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ዶክተር። ጓደኞቼ ግን እንጃ።» በሳምንቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሄሰልቢ፣ የመጡ ያገሬ ሰው በሽተኛ ገና ሳይቀመጡ ስለ ሪጎሬዋ ጠየቁኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወለቀ ትከሻ በመጣ ቁጥር ያቺን ሪጎሬ አወራ ነበር፤ ለስዊድኖቹም ጭምር። ፈርቶ የጠጠረ ጡንቻ በጉልበት አይላላም። በሐኪሙ የሚስቅ በሽተኛ ግን ክንዱን ይለቃል።