የማታው ክኒን

ሀዋኒ ጉሉማ ሰው ሲውጥ ጉሮሮውን ታያለች። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ያለ መንገደኛ የውሃ ጠርሙስ ካነሳ፣ ወሬዋን አቋርጣ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ነውር መሆኑን ታውቃለች። ልጅ ሳለች እንግዳ ሲበላ ቀና ብላ ካየች እናቷ ጭኗን ትቆነጥጣት ነበር። ይህ አመል የመጣባት ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ነው።

አባቷ አቶ ጉሉማ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው፣ ጎባ ላይ በገዛ እጃቸው ባቆሙት ቤት ውስጥ ያረጁ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ግራ እግራቸውን ሲይዛቸው፣ አዳማ የሚኖረው ወንድሟ ደራራ ልውሰዳቸው አለ። እሳቸው ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው አሉ። ሀዋኒም ማንም አያስወጣዎትም ብላ ቃል ገባች።

ሮቤ ገበያ አጠገብ ባልዲና ጀሪካን የምትሸጥበትን ሱቅ ጥላ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ከገሰራ ይርጋለም የምትባል ዝምተኛ ሴት አስመጥታ ቀጠረች። ከሱቋ ሰማያዊ ፖፖ ላከች። ደብተር ገዝታ የምግቡን፣ የገላ መታጠቢያውን፣ የክኒኑን ሰዓት ጻፈች። ባለፈው ሰኔ የደም ግፊት ክኒን ያዘዘላቸው ሐኪም፣ ሽንት ስለሚያበዛ በጠዋት ይሁን ብሎ ነበር። ጠዋት ግን የሱቁ ዕቃ የሚራገፍበት ሰዓት ነው። እሷ ደግሞ መዋጡን በጆሮዋ መስማት ፈለገች። ጠዋትም ገባ ማታ ያው ሆድ ውስጥ ነው ብላ ወደ ማታ አዞረችው።

በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሱቋን እየዘጋች ትደውላለች። ዋጡ? ትላለች። ዋጡ እትዬ፣ ትላለች ይርጋለም። ሀዋኒ ቁልፉን አዙራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ የአቶ ጉሉማ ግፊት ጤና ጣቢያ ተለካ፤ ከፍ እንዳለ ነው። ነርሷ አንዱን ክንድ ለካች፣ ሌላውን ለካች፣ ከዚያ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ደራራ ይህን ሲሰማ፣ እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ አዳማ ይገባሉ አለ።

ሐሙስ ዕለት ሀዋኒ ሱቋን በቀን ዘግታ ጎባ ወጣች። አባቷ ከጓደኛቸው ከአቶ ኢዶሳ ጋር ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። አቶ ኢዶሳ አብረዋቸው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በየጠዋቱ ይመጣሉ። እሷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ካፖርት ፀሐይ ላይ ላስጣው ብላ ስታነሳው እንደ ደረቅ አተር ተንኮሻኮሸ። የኪሱ ታች ተቀዷል። እጇን በገበሩ ውስጥ ሰድዳ አንድ እፍኝ ክኒን አወጣች። አንዳንዱ አፍ ውስጥ ቆይቶ የተተፋ ነው፤ ጠርዙ ሟምቷል።

ይርጋለምን ጠርታ እጇን ዘረጋችላት።

«እኔ የእሳቸውን አፍ እንዴት አያለሁ እትዬ?» አለች ይርጋለም። «መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ፊቴን አዞራለሁ። ሲጨርሱ ብርጭቆውን እቀበላለሁ።»

ሀዋኒ ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። እፍኟን እንደያዘች ወደ ደጅ ወጣች። አባቷ አይተው ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ።

«እኔ እኮ ለዘር የሚያስቀምጠው መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ኢዶሳ። ማንም ስላልሳቀላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ማታ የዋጠ ሰው ሌሊቱን አራት ጊዜ ይነሳል። በዚህ ብርድ ማን ያነሳዋል? ፖፖውን የሚይዝለት ማን ነው?»

«ሦስት ሌሊት ያዘችልኝ» አሉ አቶ ጉሉማ ከተራራው ሳይመለሱ። «በአራተኛው በቃኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም አባዬ?»

«ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። እፊቷ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ሀዋኒ ገብታ ደብተሩን ገለጠች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሷ እጅ «ጠዋት» የሚል ተጽፏል። ተሰርዟል። ከላዩ፣ አሁንም በራሷ እጅ፣ «ማታ» ይላል። ቃሉን ብዙ ጊዜ አነበበችው። ምንም አልተሰማትም።

ለሐኪሙ ደውላ ሁሉንም ነገረችው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንድ ብቻ፣ ያመለጠውን ለማካካስ ብሎ መደረብ የለም አላት። የሚሰጧቸው አቶ ኢዶሳ እንዲሆኑ ሁሉም ተስማሙ፤ እኩያ የእኩያውን አፍ ቢያይ ነውር የለውም።

«ይህን አፍ ጥርስ ከነበረው ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ኢዶሳ። በቀን ሽንት ሲመጣም ደግፈው እጓሮ ያደርሷቸዋል።

የቀረው ደራራ ነው። ስልኩን ስታነሳ፣ ሠራተኛዋ አላየችም ማለት እንደሚቀል ታውቅ ነበር። ይርጋለም በሩ አጠገብ ቆማለች።

«የክኒኑን ሰዓት የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እንዲመቸኝ ብዬ።»

ወንድሟ ሁለት ሳምንት ሰጣት። ግፊቱ ካልወረደ እወስዳቸዋለሁ አለ። እሺ አለች።

በሁለት ሳምንቱ ደራራ ራሱ መጥቶ አብሮ አስለካ። ግፊቱ ወርዷል፤ ጨርሶ አይደለም፣ ግን ወርዷል። ደራራ ሻይ ጠጥቶ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ሀዋኒ ደስታ መምጣት የነበረበት ያኔ እንደሆነ ታውቃለች። ባልዲ ስትደረድር፣ ጀሪካን ስታወርድ ጠበቀችው፤ ሳይመጣ ከረመ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሱቋ እስከ ቀትር ዝግ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ትመጣለች፤ የዚያን ቀን ክኒኑን የምትሰጠው እሷ ናት። ሰጥታ ፊቷን አታዞርም።

«አፌን ነው የምታዪው?» ይላሉ አባቷ።

«አዎ አባዬ።»

አቶ ጉሉማ ይውጣሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን ያነሱላታል፣ በቀኝ፣ በግራ። አቶ ኢዶሳ የራሳቸውን ጫማ ያያሉ።

ዛሬም ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው። ነጠላዋን ከራሷ እስከ አገጯ ጠቀለለች፣ ለይርጋለም በአገጯ ሰላም አለች። ከዚያ በአጥሩ በር ወጥታ የቁልቁለቱን መንገድ ያዘች። ከታች የሮቤ ሚኒባስ ረዳት ይጣራል። አልሮጠችም፣ ዞራም አላየች፤ የሱቋ ቁልፍ በእጇ እንዳለ ወደ መኪናው ወረደች።