በማሩ ላይ የጣልሁት ግዝት

እዚህ ሜልቦርን የፍልሰታ ጾም የሚገባው ብርዱ አጥንት ሲሰብር ነው። ለጾሙ የሚሆነኝን ሽሮ በወንፊት እየነፋሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ኻልቶ» አለች ከሱዳን፣ ከከሰላ የደወለችው ሴት። አክስቴ ማለቷ ነው፤ እዚያ ያደጉ ልጆች አረብኛውን ከአማርኛው ሳይለዩ ነው የሚናገሩት። የወዳጄ የወርቄ ልጅ ሰብለ ናት። «እማዬ ዐርፋለች። ትናንት ቀበርናት።»

እጄ ዱቄት እንደሆነ ቁጭ አልሁ። አልቅሰን ስናበቃ ሰብለ «ለአርባዋ የሚነበብ ነገር ጻፊልን፤ ከእማዬ ጋር እንዴት እንደተዋወቃችሁ። ስለ ማሩ ስታወራማ አንቺን ጻድቅ ነው የምታስመስልሽ» አለችኝ።

ጻድቅ እንዳልነበርሁ ደኅና አድርጌ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ለአርባው ብቻ ሳይሆን ለሚያነብ ሁሉ፣ የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአጎቴ ከአያ ታደገ ጋር ከአርማጭሆ ወርደን፣ ድንበሩን በገላባት ተሻግረን፣ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው የመኪና መንገድ ዳር ከማሽላ አገዳ ዳስ ሠርተን ማር እንሸጥ ነበር። አያ ታደገ የንብ ሰው ነው። ከቋራ ቆላ እያስመጣ በጠርሙስና በቅል ይደረድረዋል። ቀላ ያለ፣ ሲውጡት ጉሮሮን ትንሽ የሚቆጠቁጥ ማር ነበር። እዚህ ከሱቅ የምገዛው ይጣፍጣል፤ ጉሮሮዬ ግን እስከ ዛሬ ማር አልቀመስሁም ይለኛል። ማሩ ሲያልቅ በቅሎ ላለው ሰው ከፍለን እናቴን ከአርማጭሆ ልናስወጣት ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጀርባ የሚታየኝ የእናቴ ፊት ነው።

ኅዳር ላይ ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ይጠብቃል። ሁለታችንም ከጎሕ እስከ ጀምበር መጥለቂያ በቀን ሥራ አጨዳ ስንውል ማሩ ብቻውን ይውላል። የፈለገ ጠርሙሱን አንሥቶ ዋጋውን ጣሳው ውስጥ እንዲጥል ተስማማን። ብዙው ሰው ይጥላል። ቅሉ ግን በየቀኑ ይጎድላል።

አያ ታደገ ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ እሾህ ከመረበት፤ ገዢውም አብሮ ሸሸ። ቀጥሎ ውሻ አሰረ፤ በሦስተኛው ቀን ውሻው አፉ ዙሪያውን በማር ተለውሶ ተገኘ። «ይኸማ ሸሪክ ሆኗል» አለ አያ ታደገ። በመጨረሻ ንብ ያለበት ቀፎ ከደጁ አቆመ። ንቦቹ ሌባውን ትተው ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠውን ሐጃ ዘይነብን ነደፏት። ዓይኗ አብጦ መጣችና «ታደገ፣ ሌባህ እኔ ነኝ?» አለችው። ቀፎው በዚያው ቀን ተነሣ።

ግዝት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በእኛ አገር ካህን በመልአክ ስም የገዘተውን ደን እንኳ ቅርንጫፉን የሚነካ የለም። እሑድ ቅዳሴ በምንሰማባት ዳስ ካህኑን አባ ኪሮስን ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ ማራችንን ይገዝቱልን።»

«የሚበላ ነገር ነው የምገዝትልሽ?»

«ሌባ አስቸገረን፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ዘንድሮ በሚበላ ነገር ላይ ግዝት አልጥልም። ሌባው ርሃብ ቢሆንስ?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ እናቴን እያሰብሁ ሄድሁ። ከዳሱ ስደርስ ጣውላ አንሥቼ በከሰል «በቅዱስ ሚካኤል ስም ተገዝቷል» ብዬ ጻፍሁ። አያ ታደገን አባ ገዘቱልን አልሁት። ማንበብ ለማይችሉት አጫጆች በአፌ ነገርሁ። ሐጃ ዘይነብ ደግሞ ለሾፌሮቹ በአረብኛ «በእኛ ሼኽ መቃብር በዐደራ እንደተቀመጠ ዕቃ ነው፤ የነካው ሰው ሆዱ ይነፋል» እያለች አስረዳችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በዐሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ውኃ ልወስድ ከሰሊጡ ስመለስ አንዲት ሴት ከዳሱ ጥላ ተቀምጣ አገኘሁ። ከበለሳ በእግሯ የመጣች ናት። ጭኗ ላይ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ለማልቀስ ድምፅ የላትም። ማሩ ከእናቲቱ እጅ አንድ ክንድ አይርቅም። ሐጃ ዘይነብ በዚያ ቀን ገበያ ሄዳ ነበር።

ውኃ ሰጠኋቸው። ቂጣ አርሰን ብናጎርሳት ልጅቱ መለሰችው።

«ከማሩ ለምን ትንሽ አላላስሻትም?» አልኋት።

«ተገዝቷል አሉኝ አላፊዎቹ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ። ውሰጂ።»

«ባለቤት ነሽ እንጂ ካህን አይደለሽም፣ እቴ። ከርሃብ ያወጣኋትን ልጅ ለግዝት አልሰጥም።»

«ማንም ቄስ አልገዘተውም። በውሸት የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

በደከመ ፊቷ ፈገግ አለች። «ለልጄ አዝነሽ ነው። እግዚአብሔር ይክፈልሽ። በነፍስሽ ግን አትጫወቺ።»

ጣቴን ነክሬ ራሴ ላስሁት። ወደ ልጅቱ አፍ ሳስጠጋው ልጇን ወደ ደረቷ አዞረችብኝ።

ሮጥሁ። ያ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በኅዳር ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አባ ኪሮስ ሁሉን ሰምተው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አህያቸው ላይ ወጡ፤ እኔ ከኋላ ተከተልሁ።

ከዳሱ ሲደርሱ መስቀላቸውን አንሥተው «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። ያልታሰረውን ፈቱት። ከዚያ ጣታቸውን በማሩ ነክረው የልጅቱ ከንፈር ላይ አኖሩት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ምላሷ ብቅ አለ። አባ ደግመው ነከሩ።

ያቺ ልጅ ሰብለ ናት። እናቲቱ ወርቄ።

ንስሐዬ አጨዳው እስኪያልቅ ከዳሱ ሳልነቃነቅ ከድንበር የሚመጣውን ሁሉ በማንኪያ ማላስ ሆነ። አያ ታደገ ነገሩን ሲሰማ «ውሻው ይሻል ነበር» አለኝና ሁለት ቀን አላናገረኝም። ማሩ አለቀ። እናቴ በጥር በገዛ እግሯ መጣች። በየመንገዱ ቁራሽ የሰጧትን ሰዎች በየስማቸው እየጠራች ስትመርቅ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር።

ለወርቄ እውነቱን ስንት ጊዜ ነገርኋት። «አሁንም ያንን ውሸትሽን አልተውሽም?» ብላ ትስቅ ነበር። ሳታምነኝ ሞተች።

ሰብለ ግን ድናለች፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ የእሷ ነገር አይደለም። ጣውላው ዐሥር ቀን ተሰቅሎ ቆይቷል። በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ ከአጨዳ ስመለስ የዳሱ ጥላ ሥር ሰው የተቀመጠበት አቧራ፣ የትንንሽ እግር ዱካ አይ ነበር። ማሩን ስላልነኩት አመሰገንኋቸው እንጂ ምን ሽተው እንደተቀመጡ አልጠየቅሁም።

በዚያ ኅዳር ከገላባት ወደ ገዳሪፍ ያለፋችሁ፣ ከዚያ ዳስ ተቀምጣችሁ ማሩን እያያችሁ በባዶ አፋችሁ የተነሣችሁ ካላችሁ፣ ይቅር በሉኝ፤ ማሩ አልተገዘተም ነበር። ከእናንተ ጋር ተነሥቶ ገዳሪፍ ያልደረሰ ሰው ካለ ደግሞ ስሙን ንገሩኝ። የክርስትና ስሙን፤ እስላም ከሆነም አባቱ ያወጣለትን ስም። በጸሎቴ ስሙን እየጠራሁ ላስበው።